ስትደውል ፊቷ ይመጣል

ሰው ስልኩን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ መጀመሪያ የሚናገረው ውሸት ነው። "ምንም አልነካሁትም፤ ዝም ብሎ ነው እንዲህ የሆነው" ይላል። ስልክ ዝም ብሎ ምንም አይሆንም። ከደረጃ ሥር በተሸጎጠችው፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ትንፋሽ በሚያጥረው ሱቄ ስድስት ዓመት ተቀምጬ የተማርኩት ይህንን ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ የተሰበረ ስልክ እየፈታሁ፣ ካበላሸሁት እየተማርኩ፣ በቪዲዮ የሚያስረዱ የውጭ ሰዎችን ቋንቋቸውን ሳልሰማ እጃቸውን ብቻ እያየሁ ነው እዚህ የደረስኩት። ስለዚህ ባለዲግሪው ጎረቤቴ መጥቶ "ይሄ አፕ ስልኬን አከበደው፤ ኪሴ ውስጥ ይታወቀኛል" ሲለኝ አፌን መያዝ አልችልም። "በሚዛን አስመዝነኸዋል?" እለዋለሁ።

አንዷ ደግሞ ባሏ መልእክቷን አንብቦ መልስ ስለነፈጋት፣ ሁለቱን ሰማያዊ ምልክቶች በጥፍሯ እየነካች "እነዚህን አጥፊልኝ፤ ሳያቸው ያቃጥሉኛል" አለችኝ። "ምልክቱን ነው ባልሽን?" ብላት ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ምልክቱን አጠፋሁላት። ሰፈሩ "ምላሳሟ" ይለኛል። ስልኩ ሲበላሽ ግን ወደ ምላሳሟ ነው የሚሮጠው፤ እኔም ይህን ስለማውቅ አንገቴን አልደፋም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አብራት ካደገችው እህቷ በቀር ይህን የምናውቀው ወንድሜና እኔ ብቻ ነን። በልብስ ፋብሪካ ሃያ ሦስት ዓመት ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስትሰፋ፣ ጎኗ የሚቀመጡት ሴቶች እንኳ አያውቁም። ወረቀት ሲሰጧት "ውይ፣ መነጽሬን ረስቼ" ትላለች። መነጽር ኖሯት አያውቅም። ፊርማዋን እንደ ጥልፍ ነው የተማረችው፤ እጇ ያውቀዋል፣ እሷ ግን ምን እንደሚል አታውቅም።

ስልክ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ስም ስለማታነብ ሁሉንም በፎቶ አደረግሁላት። እኔ ቀይ ሻሽ አስሬ፣ ወንድሜ ጥርሱን ገልጦ፣ የክፍሏ ኃላፊ ወገቧን ይዛ፣ ጎረቤታችን ከድመቷ ጋር። ቤተሰቡ አንድ ሕግ ነበረው፤ ፎቶ መቀየር ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ወንድሜ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ረስቶ ፎቶውን በመኪናው ፎቶ ቢቀይረው እናቴ ሱቄ ድረስ መጣች።

"ልጄ የታለ?"

"መንገድ ላይ ነዋ፣ እማዬ።"

"ታዲያ መኪናው ብቻውን ነው እንዴ የሚደውልልኝ?"

ስቄ ስቄ ደከምኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሁለት ቀን ሙሉ ልጇን አጥታው ነበር።

ከዚያ ሌባው መጣ። አንድ የማታውቀው ሰው ደውሎ "ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን የተላከልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ" አላት። እናቴ ምን እንዳለችው ታውቃላችሁ? "መነጽሬን ረስቼ።" ደጋግሞ ሲለምናት ደጋግማ መነጽሯን ረሳች። መጨረሻ ላይ ሰድቧት ዘጋ። እኔ እንደ ትልቅ ቀልድ ለደንበኛ ሁሉ ስነግረው ከረምኩ፤ እሷ ግን ደነገጠች። ስልኩን ማንሳት ፈራች፤ በጠራ ቁጥር እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። ስለዚህ አስቀምጬ አስተማርኳት።

"ፊት ያለው ሰው የኛ ነው፣ እሺ? ይሄ ግራጫው፣ ፊት የሌለው፣ ሌባ ነው። አትክፈቺው። አታዳምጪው። ጫን አድርገሽ ያዢው፣ መጀመሪያ ይቺን ትነኪና ታጠፊዋለሽ፣ ቀጥሎ ይቺን ቀይዋን ትነኪና ትዘጊበታለሽ። ሁለተኛ አይመጣም።"

"ሁለተኛ አይመጣም" አለች፤ ጣቷ ቀይዋን ስትነካ ደስ አላት። በዕድሜዋ ማንንም ዘግታ አታውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ የውሎ ወሬዋ ይኸው ሆነ። "ዛሬ ሁለት ጣልኩ።" "ዛሬ ምንም የለም፤ ፈርተውኛል መሰለኝ።" እኔም ከሥራዬ ቀና ሳልል "ጎበዝ!" እላታለሁ።

በእናቴ ስልክ ውስጥ ደውላ የማታውቅ አንዲት ፊት ነበረች። ታላቅ እህቷ ናት፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ ትኖራለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈዋል። አያቴ ሁለቱን ብቻዋን ስታሳድግ ትምህርት ቤት መላክ የቻለችው አንዷን ነው። ታላቂቱ ተምራ አስተማሪ ሆነች። ታናሺቱ ቤት ቀርታ የእናቷን የእግር ስፌት መኪና እየረገጠች ለእህቷ ደብተር አስገዛች። አያቴ ስትሞት ያቺ መኪና ብቻ ቀረች፤ አክስቴም ሳትጠይቃት ለጎረቤት ሰጠቻት። "አሮጌ ብረት ምን ያደርግልሻል? ፋብሪካ አዲስ መኪና አለሽ" አለቻት። እናቴ የመለሰችላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ፊደሉንም አንቺ፣ መኪናውንም አንቺ?" ከዚያ በኋላ ቃል አልተለዋወጡም።

ታዲያ አንድ እሁድ እናቴ ጠርዙ የተላጠ ጉርድ ፎቶ ከመሳቢያ አውጥታ ከፊቴ አስቀመጠች።

"ይቺንም አስገቢያት።"

"ማናት?" አልኩ፤ እያወቅሁ።

"ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። አስገቢያት ብያለሁ።"

ፎቶውን አንስቼ፣ ድሮ ከምናውቀው፣ ከተቋረጠ ዓመታት ካለፈው ቁጥሯ ጋር አስገባሁት። እናቴ ፊቷን አየቻት። ቆይታ፣

"እሷ ብትደውል በምን አውቃለሁ?" አለችኝ።

በዚያች ሰዓት ወደ ሥራዬ ተመልሼ፣ ቤት ካመጣሁት አንድ ስልክ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክ በወረንጦ እያነሳሁ ነበር። ትንፋሽ ከወጣኝ ትበራለች። ፎቶው የሚከተለው ሰውን ሳይሆን ቁጥርን መሆኑን፣ እህቷ ቁጥር ከቀየረች እሷም እንደማንም ግራጫ ሆና እንደምትመጣ ላስረዳት ይገባ ነበር። ለዚያ ባለዲግሪ ቢሆን አስረድቼው፣ በላዩም ላይ ሰድቤው እልከው ነበር። ለእናቴ ግን ቀና ሳልል፣

"ስትደውል ፊቷ ይመጣል" አልኳት።

እሷም አመነችኝ። ስለ ስልክ የምላትን ሁሉ ታምናለች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወንድሜ ደወለ። አንዲት ደንበኛ "ምንም አልነካሁትም" እያለችኝ ነበር።

"ምላሳሟ፣ ብቻሽን ነሽ?"

"ደንበኛ አለ። ምን ሆንክ?"

"አስወጫት።"

ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። ሴትየዋን አስወጣኋት።

"አክስታችን አርፋለች። ትናንት ቀብረዋታል። እኔም አሁን ነው የሰማሁት፤ ልጇ ነገረችኝ።" ከኋላው የመኪናው ሞተር ይሰማል። "ሌላም ነገር አለ። የእማዬን ቁጥር የሰጠኋት እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

"ከሁለት ወር በፊት በነሱ በኩል ሳልፍ ገብቼ አየኋት። ጉሮሮዋን ታማ ነበር። 'ለእናትህ እንዳትነግር፣ እኔው ራሴ እናገራታለሁ' ብላ አስማለችኝ። በድምፅ ስትልክላት ነበር አሉ። እማዬ ግን ዘጋቻት።"

"ማን ዘጋት?"

"እማዬ። ልጅቷ እንዲህ አለችኝ፤ 'እናትህ እናቴን በሞት አልጋዋ ላይ ዘጋቻት።' እንዴት እንዲህ ታደርጋለች? ቂሟ እስከዚህ ነው እንዴ?"

"ቁጥሩን ላክልኝ" ብዬ ዘጋሁ። ሱቁን ቆልፌ ወደ ፋብሪካው ሄድኩ።

እናቴ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር፣ ክር በከንፈሯ ይዛ ነጭ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትሰፋለች። ስታየኝ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ምነው? ሱቁ ተቃጠለ?"

"ስልክሽን ስጪኝ፣ እማዬ።"

ጠረጴዛው ላይ አረፍ ብዬ የተዘጉትን ዝርዝር ከፈትኩ። ሠላሳ ሰባት ቁጥር። አንድ በአንድ ወረድኩ። ከዝርዝሩ አጋማሽ ላይ ወንድሜ ከላከልኝ ቁጥር ጋር አንድ የሆነውን አገኘሁት። ቀኑን አየሁ። ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። እናቴ ጫማዋን እያወለቀች "ዛሬ አንድ ችክ ያለ ግራጫ ነበር፤ ባጠፋው ተመልሶ መጣ፤ መጨረሻ ዘጋሁበት" ብላኝ ነበር። እኔም "ጎበዝ!" ብያታለሁ።

ወደ ጓሮ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ከሚከመርበት ግድግዳ ሥር ወስጄ ነገርኳት። በምን እንደጀመርኩ አላስታውስም። ይህ ሁሉ ምላስ ይዤ ቃል ፈልጌ ያጣሁት ያን ቀን ነው። እህቷ መሞቷን ስትሰማ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ስለ ስልኩ ስነግራት ግን አልገባትም።

"እሷ አልደወለችም እኮ። ፊቷ አልመጣም።"

"ቁጥር ቀይራ ነበር፣ እማዬ። ያ ችክ ያለው ግራጫ እሷ ነበረች።"

"ፊቷ ይመጣል ብለሽኝ ነበር።"

አልወቀሰችኝም። ደንበኞቼ እንደሚጠይቁኝ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሊገባት ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። እሱ ነው የገደለኝ።

"ዋሽቼሽ ነው። ዋሽቼሽ እንኳ አይደለም፤ ቸኩዬ ነው።"

ጣቶቿን አየቻቸው። የሌባ ጣቷ ጫፍ በመርፌ ብዛት ደንድኗል። "በዚች ነው የዘጋኋት" አለች።

በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ ሄድን። ልንደርስ ስንል ክንዴን ያዘች።

"እዚያ አፍሽን እንዳትከፍቺ።"

"እውነቱን ልንገራቸው እንጂ! ጨካኝ ናት ብለው ነው የሚያስቡሽ።"

"ምን ልትያቸው? ፊደል አታውቅም፣ በፎቶ ነው ሰው የምትለይ ልትያቸው?"

"ታዲያ ምን አለበት?"

"ላንቺ ምንም የለበትም፤ አንቺ ታነቢያለሽ። ያ ቤት የአስተማሪ ቤት ነው። ጨካኝ ይበሉኝ።"

እኔ ይሄ የማይደፋው አንገቴ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ ወንበሮች፣ አክስቴ ያስተማረቻቸው የጎለመሱ ተማሪዎች፣ በየጥጉ መጻሕፍት። ልጇ፣ በዕድሜ እኩያዬ ናት፣ እናቴ ስትገባ አይታ አልተነሳችም።

"እንኳን መጡ" አለቻት። እናቴን፣ የእናቷን እህት፣ እርስዎ አለቻት። "ዘግይተውም ቢሆን።"

እናቴ ሄዳ ልትስማት ጎንበስ ስትል ልጅቷ ጉንጯን አላስጠጋችም።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ሰው ፊት መሆኑንም አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልእክቶች ደርሰውዎታል፤ ምልክቱን አይቼዋለሁ። ከዚያ ዘጉባት። ሳይሰሟት ነው ወይስ ሰምተዋት?"

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም፤ እጇ ግን ከኋላ መጥቶ አንጓዬን ጨመቀው፤ ሃያ ሦስት ዓመት መርፌ የያዘ እጅ ነው።

"ሳልሰማት" አለች። "እኔ ነኝ የዘጋኋት። በገዛ እጄ።"

"ለምን?"

"ተኳርፈን ነበር።"

አንዲት አሮጊት "ኧረ ምን ያለ አንጀት ነው!" ስትል ሰማሁ። በሩ አጠገብ አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ እናቴ ሄዳ እዚያ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረችው ሴት ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሌላ ጥግ ተዛወረች። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን እያየች ቆየች። እኔ በሕይወቴ የመጣልኝን ቃል ውጬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዋጥኩት።

ልጅቷ ብርጭቆ ልትሰበስብ ወደ ጓዳ ስትገባ ተከትያት ገባሁ። የእናቴን ገመና ሳላወጣ የምልበት መንገድ አግኝቼ ነበር።

"እናቴ አይደለችም የዘጋችው። እኔ ነኝ። ስልኳን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሌባ መስሎኝ ዘጋሁት። እሷ ምንም አታውቅም።"

ብርጭቆዎቹን እያለቀለቀች አየችኝ። "ስልክ አዋቂ ናት ይሉሻል አይደል? ወንድምሽ ሲኮራብሽ ነበር።"

"አዎ። አዋቂዋ እኔ ነኝ። ሥራዬን አበላሸሁ። ደደብነቴ ነው።" ይህን ቃል ለሰው እንጂ ለራሴ ተጠቅሜበት አላውቅም ነበር።

"እሷ ራሷ አሁን በገዛ እጄ አለች እኮ።"

"ለኔ ብላ ነው።"

"አንቺም ለሷ ብለሽ ነው" አለችኝ። "ተይው። ልጇ ነሽ። እኔም ለእናቴ እንዲሁ እዋሽ ነበር። አንዷ ምልክት ሁለተኛ ሳትጨመርባት ስትቀር 'ምንድነው ይሄ?' ስትለኝ፣ 'ኔትወርክ ነው' እላታለሁ። 'እህቴማ አትዘጋኝም፤ ኔትወርኩ ነው' እያለች ደጋግማ ትልክ ነበር። ቀን ቀን እኔ ሥራ ስሄድ፣ ብቻዋን።"

እውነቱን ብነግራት እናቴን አዋርዳለሁ፤ ውሸቴን ደግሞ እናቴ ቀድማ ዘግታዋለች።

"መልእክቶቹን ላኪልኝ" አልኳት። "እባክሽ።"

እጇን በፎጣ አደረቀች። የእናቷን ስልክ ከመደርደሪያ አውርዳ ዘጠኙንም ላከችልኝ። "ለሷ ብቻ አሰሚያት" አለች። "እኔ አልሰማኋቸውም። የኔ አይደሉም።"

ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ቁርሷን ሳትነካ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን መሃላችን አድርጌ የመጀመሪያውን ነካሁት። አራት ሰከንድ ነው። "ሃሎ? ይሄ ነገር እየቀዳ ነው ወ—" እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

ሁለተኛው ረዘም ይላል። ድምፁ እንደተሰነጠቀ ዕቃ ነው።

"አንቺ ሚጣ። እኔ ነኝ። ጉሮሮዬ ነው እንጂ እኔው ነኝ። ልደውል ብዬ ከዘጋሽብኝስ ብዬ ፈራሁ። በድምፅ የምልክልሽ እንዳትቀየሚ፣ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ መጻፍ አቅቶኝ ነው።"

"አትዋሺ" አለቻት እናቴ፤ ስልኩን። ቀስ ብላ ነው ያለቻት። "አንቺ ውሸታም። እንደማላነብ አውቀሽ ነው።"

በአራተኛው ስለ ስፌት መኪናዋ አወራች። ፈልጌ ሄጄ ነበር አለች፤ በእግሬ፣ እያረፍኩ፤ የሰጠኋቸው ሰዎች ለብረት ሸጠዋታል፤ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ የታመምኩ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ። በስድስተኛው አንድ የልጅነት ጎረቤታቸውን እያነሳች ሳቀችና ሳሉ ያዛት፤ እናቴም ከሳሏ በፊት አብራት ሳቀች፤ እኔ የማላውቀውን ሰው ነው የሳቁበት። በስምንተኛው "ኔትወርካችሁ እንዴት ያለ ነው እባክሽ፣ ያቺ ልጅሽ አታስተካክለውም?" አለች። እናቴ አላየችኝም። እኔም አላየኋትም።

ዘጠነኛው የመጨረሻው ነው።

"ሚጣ፣ ዛሬ ደህና ነኝ። ውሃ ወርዶልኛል። አንድ ነገር ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ያኔ እናታችን ወደ ትምህርት ቤት የምትልካትን ስትመርጥ፣ አንቺ ተኝተሽ ነበር፤ እኔ ነቅቼ ነበር። መጀመሪያ የጠራችው እኮ—"

አለቀ።

እናቴ ጠበቀች። ከዚያ ጣቷን ወደ ስልኩ ዘረጋች፣ አልነካችውም።

"ቀጥይዋ።"

"ይሄው ነው፣ እማዬ። ሌላ የለም።"

"አልጨረሰችም እኮ። ማንን ነው የጠራችው?"

"እዚህ ላይ ተቆርጧል።"

እናቴ በዚህ ነገር ከኔ በላይ ልምድ አላት፤ በቀን አሥር የድምፅ መልእክት ትልካለች። "ጣቷን ቶሎ አንስታ ነው" አለች። "እስክትጨርስ ተጭና መያዝ ነበረባት። እጇ ይንቀጠቀጣል ብላለች። ማንም አላሳያትም።" ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ተስፋ ባላየሁት በወደድኩ። "አንቺ ታወጪዋለሽ አይደል? የጠፋ ፎቶ ሁሉ ታወጪ የለ? የቀረው ውስጡ ይኖራል።"

"አይኖርም፣ እማዬ።" አጠገቧ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ ጣት ሲነሳ መቅዳቱ እንደሚቆም፣ ከዚያ በኋላ የተባለው ክፍሉ ውስጥ ብቻ ተብሎ እንደቀረ፣ ያልተቀዳን ነገር ማንም፣ በየትኛውም አገር ያለ አዋቂ፣ እንደማያወጣው። በየመሃሉ "ገባሽ?" አልኳት። በየመሃሉ "ገባኝ" አለችኝ።

ቁርሷን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ ጊዜ ቀመሰችና መልሳ ገፋችው።

"ገብቶኛል" አለች። "ግን ደግሞ ሱቅ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂና፣ እስኪ አንዴ እዪው።"